ልጃችን ከማን ጋር ነው?

ስለ ወጣቶች፣ ስለ ቤተ ሰብና ስለ ቁምስና (ሉቃ. 2፥41-52)



ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ስለ ጌታችን ልጅነት የሚተርክልን የመጨረሻው ታሪክ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ዮሴፍና ማርያም በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ፤ የ12 ዓመቱ ብላቴና ኢየሱስም አብሮአቸው ነበረ። በዓሉ ተፈጽሞ ወደ ናዝሬት ሲመለሱ እርሱ በከተማይቱ ቀረ፤ እነርሱም ይህን አላወቁም። ልጃቸውን መፈለግ የጀመሩት የአንድ ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ ነው።

ይህን ክፍል ስናነብ አሳባችን ቶሎ የሚሄደው በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ወደ ተቀመጠው ብላቴና ነው። እኔ ግን ዛሬ ከዚያ አስቀድሞ ባለው በዚያ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ከእናንተ ጋር ጥቂት መቆየት እወዳለሁ። ማርያምና ዮሴፍ ልጃቸውን ችላ የሚሉ ወላጆች አልነበሩም። በዓሉን የሚያከብሩ፣ ሕጉን የሚጠብቁ፣ ከዘመድና ከወዳጅ ጋር በኅብረት የሚጓዙ ጻድቃን ነበሩ። የልጁን መቅረት ያላስተዋሉትም በዚሁ ኅብረት ስለ ታመኑ ነው። «ከዘመዶቻችን ከአንዱ ጋር ይሆናል» ብለው አሰቡ፤ በዚህም አሳብ አንድ ቀን ሙሉ ተጓዙ።

እንግዲህ እኛስ በዚህ አሳብ ስንት ቀን፣ ስንትስ ዓመት ተጉዘናል? ወላጅ «ልጄ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ ይጽናናል። መምህሩ «ምግባሩን ወላጆቹ ያስተምሩታል» ይላል። ካህኑ «ጥሩ ክርስቲያን ቤተ ሰብ አለው» ብሎ ይተወዋል። ጎረቤትም «የሰው ልጅ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» ይላል። እያንዳንዳችን ወጣቱ ከሌላው ጋር ያለ ይመስለናል፤ ወጣቱ ግን ከማናችንም ጋር የለም።

በእኔ የደረሰ ነገር

ይህን የምናገረው በሌላ ለመፍረድ አይደለም፤ በራሴ የደረሰ ነውና። ባገለገልሁበት በአንድ ቁምስና ከልጅነቱ ጀምሮ ከመዘምራን ጋር ያደገ አንድ ወጣት ነበረ። ከበሮ አመታቱ ደስ የሚያሰኝ፣ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ፣ ጠባዩም የተረጋጋ ነበረ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስዶ ግን የማለፊያ ነጥብ ሳያገኝ ቀረ።

የእርሱ ብቻ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ ትምህርት ሚኒስቴር ማስታወቁን ሁላችን እናስታውሳለን። ይህ ማለት በየመንደሩ ያለፈው እጅግ ጥቂት፣ የቀረው እጅግ ብዙ ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን በየቤቱ ይህ የብዙዎች ችግር የአንድ ልጅ ኀፍረት ሆኖ ተቈጠረ።

ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ያ ወጣት ከመዘምራን መካከል ጠፋ። እኔም አንድ ሁለት ጊዜ በልቤ አነሣሁትና «ቤቱ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ፈተና እያጠና ይሆናል» ብዬ አለፍሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ሰፈር የታመመ ሰው ልጠይቅ ስሄድ የልጁ እናት ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ስኒውን ሰጥተውኝ፣ «አባ፣ ልጄን ስለያዙልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜና እሑድ ከእናንተ ዘንድ ይውላል፤ በአዘቦትም የመዝሙር ጥናት አለ እያለ ያመሻል። ከክፉ ቦታ ከመዋል ይህ ይሻለዋል» አሉኝ። ስኒው በእጄ እንዳለ ቀረ።

እርሳቸው ከእኔ ጋር ነው ይላሉ፤ እኔ ከእርሳቸው ጋር ነው እላለሁ። ነገሩ ሲጣራ ልጁ ቀኑን በጫት ቤት ያሳልፍ ነበር። በዚያም ከተዋወቃቸው ልጆች ጋር ሆኖ በደላሎች አማካይነት በበረሃና በባሕር ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር ይመክር ነበር። አባቱን የጠየቅን እንደ ሆነ ደግሞ ልጃቸውን አልሰደቡም፤ አልመቱምም፤ ነገር ግን ውጤቱ ከታወቀ ጀምሮ ዝም አሉት። ልጁም አባቱ ከሥራ ሳይገቡ እራቱን ይበላና ይወጣል። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ አምስት ወር ሙሉ በአንድ ገበታ አልተቀመጡም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚያች ሰዓት በደሉን ወደ ሌላው ማዞር ቀላል ነበረ። አባቶቻችን «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» የሚሉት ይህን ነው። ወላጅ በቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያን በወላጅ፣ ሁሉም በዘመኑና በስልኩ ያሳብባል። ማርያምና ዮሴፍ ግን «አንተ አልጠበቅኸውም፤ አንቺ አልጠበቅሽውም» ሲባባሉ ወንጌሉ አይነግረንም። የሚነግረን ሁለቱም አብረው ወደ ኋላ መመለሳቸውን ነው።

ስለ ቤት

ከ3 ቀን በኋላ ሲያገኙት እመቤታችን የተናገረችውን እናስተውል። እንደ ተጨነቁ አልሸሸገችም፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገም ጠየቀችው። ይሁን እንጂ በመምህራኑ ፊት አላዋረደችውም። ከጠየቀችም በኋላ መልሱን ሰማች። ወንጌላዊው በግልጽ እንደሚነግረን የሰጣቸውን መልስ አላስተዋሉትም ነበር፤ እርስዋ ግን ነገሩን ሁሉ በልብዋ ያዘችው። ልጁ የተናገረውን ነገር ገና ባይረዱትም እንኳ በልብ መያዝ፣ ይህ የክርስቲያን ወላጅ ትልቅ ጥበብ ነው። እኛ ብዙውን ጊዜ ያልገባንን ወዲያው እንቈጣለን፤ ወጣቱም ሁለተኛ አይነግረንም።

ከዚያ በኋላ ኢየሱስ ከእነርሱ ጋር ወደ ናዝሬት ወረደ፤ ይታዘዛቸውም ነበር። ቅዱስ ሉቃስ የብዙ ዓመታትን ኑሮ በጥቂት ቃላት ጠቅልሎ፣ በጥበብና በቁመት፣ በእግዚአብሔርና በሰው ፊትም በሞገስ እንዳደገ ይነግረናል። ጌታችን ማስተማር ሲጀምር ዕድሜው 30 ዓመት ያህል እንደ ነበረ እናውቃለን (ሉቃ. 3፥23)። እንግዲያስ 18 ዓመት ያህል በአንድ ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ቤት፣ በዕለት ተዕለት ሥራና በቤተ ሰብ ገበታ መካከል ኖረ ማለት ነው። የዓለም መድኃኒት ለማደግ ቤት ካስፈለገው፣ ለልጆቻችንማ እንዴት አያስፈልጋቸው?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቤተ ሰብን እንደ ቤት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አመለከተ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹና ዋናዎቹ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስተማረ። ነፍሳቸውን ይማርና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ ሰብ ፍቅር በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር በ7ኛው ምዕራፍ፣ ወላጅ የልጁ ሰውነት የት እንዳለ ማወቁ ብቻ እንደማይበቃ ያስገነዝቡናል። ይልቁንስ በነፍሱ የት እንደ ቆመ፣ ምን እንደሚያምን፣ ምን እንደሚመኝ መጠየቅ ይገባል። ከላይ የተናገርሁላችሁ ወጣት አባቱና እናቱ በሚያድሩበት ቤት ያድር ነበር፤ በነፍሱ የት እንዳለ ግን ማንም አልጠየቀውም።

አንዳንዶቻችሁ «አባ፣ እኛ እኮ ጊዜ የለንም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሌሊት ተነሥቶ ታክሲ የሚነዳ አባት፣ ጉልት ውላ ሲመሽ የምትገባ እናት አሉ። እናቱ በዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች በአያት እጅ የሚያድግም ልጅ ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ልትወቅስ አትችልም፤ በድካማቸው ልታከብራቸው ይገባታል። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ ሰዓት አይደለም። በሳምንት አንድ የታወቀ ምሽት ይኑራችሁ። በዚያ ምሽት ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ የአባትየውም የልጁም ስልክ ከገበታው ይራቅ። ሁሉም ከአንድ መሶብ ይብላ። «አባታችን ሆይ» እና «በሰላመ ገብርኤል» አብራችሁ ድገሙ። ከዚያም ቡናው እስኪፈላ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ጠይቁና ዝም ብላችሁ ስሙ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚጠጣው ቡናችን ለጨዋታ ጊዜ ይሰጣል፤ ልጆቻችን ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ጨዋታ ውጭ ናቸው።

በዚያ ምሽት ስለ ፈተና ውጤት ወቀሳ አይነሣ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ልጆች ልባቸው እንዳይዝል አባቶች እንዳያስቈጡአቸው መክሮአል (ቈላ. 3፥21)። ይልቁንም አባት እርሱ ራሱ በወጣትነቱ የወደቀበትን አንድ ነገር ይንገረው። ልጅ አባቱ ወድቆ እንደ ተነሣ ካላወቀ፣ እርሱ ሲወድቅ መነሣት እንደሚቻል ከማን ይማራል? በሩቅ አገር ያላችሁ እናቶችም ስትደውሉ ስለ ገንዘቡና ስለ ማርኩ ብቻ አትጠይቁ፤ ምን እንዳስደሰተውና ምን እንዳስፈራው ጠይቁት። የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ተጽፎልናል (2ጢሞ. 1፥5)። አያት የምታሳድገው ልጅ ወላጅ እንደሌለው አይቈጠር፤ አያትዋን ግን ቁምስናው ይርዳት።

ስለ ማኅበር

ይሁን እንጂ ቤት ብቻውን አይበቃም። ጌታችን በናዝሬት ባደገበት ዘመን በየሰንበቱ ወደ ምኵራብ መግባት ልማዱ ነበረ (ሉቃ. 4፥16)። ወጣት በቤቱ እንደሚወደድ ካወቀ በኋላ፣ ከቤቱ ውጭ ደግሞ እንደሚፈለግ ማወቅ አለበት። መወደድና መፈለግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰው የሚያድገው በሁለቱም ነው።

ብፁዕ ፍሬደሪክ ኦዛናም በፓሪስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1833 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘውን የቅዱስ ቪንሴንት ዘጳውሎስ ማኅበር መሠረተ። እነዚያ ተማሪዎች የድሆችን ቤት የት እንደሚያገኙ፣ ገብተውም እንዴት እንደሚናገሩ አያውቁም ነበር። ያስተማሩአቸው በዚያ ሰፈር ለብዙ ዓመታት ድሆችን ያገለግሉ የነበሩት እኅት ሮዛሊ ራንዱ ናቸው። እኅት ሮዛሊ ወጣቶቹን «እናንተ ገና ልጆች ናችሁ» ብለው አልመለሱአቸውም፤ የሚሄዱበትን ቤት አሳዩአቸው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ኦዛናምን በ1997 እ.ኤ.አ. በፓሪስ፣ የዓለም ወጣቶች ቀን በተከበረበት ሰሞን ብፁዕ ብለው ሰየሙት። ከዚህ የምንማረው ወጣቱ እሳት ቢኖረውም መንገዱን የሚያሳየው አንድ በዕድሜ የበሰለ ሰው እንደሚያስፈልገው ነው።

እኛም በቁምስናችን ይህን ያየነው በአንድ ሽማግሌ ካቴኪስት ነው። እኔ ለዚያ ወጣት የምናገረውን ምክር ሳዘጋጅ፣ እርሳቸው አንድ አሮጌ መዝገብ ይዘው ወደ ልጁ ሄዱ። «ልጄ፣ የእድራችን መዝገብ ተበላሽቶአል፤ የእኔም ዓይን ደክሞአል። ጽሕፈትህ ያማረ ነውና ና አግዘኝ» አሉት። እርሱም «ጋሼ፣ እኔ የወደቅሁ ሰው ነኝ፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አላቸው። ሽማግሌውም «እኔ የምፈልገው መዝገብ የሚጽፍ ነው እንጂ ፈተና ያለፈ አይደለም» ብለው መለሱለት።

ልጁ መጣ። መዝገቡን በሦስት ሳምንት ውስጥ ገልብጦ ጨረሰ። ሰው ሲሞት ሌሊት ድንኳን ከሚተክሉት ጋር መሄድ ጀመረ። ከዚያም የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ በሆነ ጊዜ ሽማግሌው «አንተ የጻፍኸውን አንተ አንብብ» አሉት። እርሱም ቆሞ የአባላቱን ስም በተራ ይጠራ ጀመር። ከአባላቱ አንዱ አባቱ ነበሩ። ስማቸው ዘንድ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ፤ እንደ ሌሎቹም «አቶ» ብሎ ጠራቸው። አባቱም «አቤት» አሉ። ከአምስት ወር በላይ ከቆየው ዝምታ በኋላ ለልጃቸው የመለሱለት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበረ። ያን ዕለት ማታ አብረው እራት በሉ።

ነገሩን ከእውነቱ በላይ አሳምሬ ልነግራችሁ አልፈልግም። ወጣቱ ፈተናውን ዳግመኛ ወስዶ አላለፈም፤ ዛሬ የኤሌክትሪክ ሥራ ሙያ ይማራል። ከአባቱ ጋር አንዳንድ ጊዜ ይጋጫሉ፤ ነገር ግን ይነጋገራሉ። አብረውት ሊሄዱ መክረው ከነበሩት ጓደኞቹ ሁለቱ ግን ሄዱ፤ ከአንዱ እስካሁን ድምፅ አልተሰማም። እነዚያ ሁለቱ የማን ቁምስና፣ የማን ሰፈር ልጆች እንደ ነበሩ በጊዜው አልጠየቅሁም። ይህ ዛሬም ይከብደኛል።

ምን እናድርግ?

የተወደዳችሁ ካቴኪስቶች፣ ከቅዱስ ቊርባንና ከምሥጢረ ሜሮን ዝግጅት በኋላ የወጣቶቹን ስም ዝርዝር አትዝጉት። አንድ ወጣት ሁለት እሑድ ከቀረ፣ ሦስተኛው እሑድ ሳይደርስ ቤቱ ይጠየቅ። ለወላጆቹም «ከእኛ ጋር የለም፤ ከእናንተ ጋር ነው ወይ?» ተብሎ በግልጽ ይነገራቸው። ይህች አንዲት ጥያቄ በጊዜዋ ብትጠየቅ ኖሮ እኔን ከብዙ ጸጸት ባዳነችኝ ነበር።

የቁምስና ጉባኤና የእድር ሽማግሌዎች ሆይ፣ ወጣቶችን ወንበር ለማንሣትና ድንኳን ለመትከል ብቻ አትጥሩአቸው። መዝገብና ሒሳብ ስጡአቸው፤ በሽተኛ እንዲጠይቁ ላኩአቸው፤ ሕፃናትን እንዲያስተምሩ አድርጉ፤ በስብሰባም አሳባቸውን ስሙ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2019 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ወጣቶች የነገ ብቻ ሳይሆኑ የዛሬም መሆናቸውን አስተምረውናል። አምስት ሺህ ሰው በተራበበት ስፍራ አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ የያዘውን ብላቴና ያስተዋለው ሐዋርያው እንድርያስ ነው (ዮሐ. 6፥8-9)። ይህ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ምን ይሆናል ብሎ ቢጠራጠርም ብላቴናውን ወደ ጌታ አመለከተ። ከእኛም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ በልጁ እጅ ያለውን ማየትና ወደ ጌታ ማመልከት። ማብዛቱ የጌታ ሥራ ነው።

እናንተም ወጣቶች ሆይ፣ ጌታችን በቤተ መቅደስ የተገኘው መምህራንን ሲሰማና ሲጠይቅ ነው። ያሳፈራችሁንና ያስፈራችሁን ነገር ብቻችሁን አትሸከሙት። ለአባት መንገር ቢከብዳችሁ ለእናት፣ ለእናት ቢከብዳችሁ ለአያት ወይም ለንስሓ አባታችሁ ንገሩ። ልንፈልጋችሁ እንወጣለን፤ እናንተም የት እንዳላችሁ አታስጠፉን።

የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ እያንዳንዳችን እንደ ማርያምና እንደ ዮሴፍ ጥቂት ቆመን ወደ ኋላ እንመልከት። ከእኛ ጋር ነው ብለን ያሰብነው ልጅ በእውነት ከእኛ ጋር አለን? ከሌለ ገና የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ መመለስ ይቻላል።

ልጃቸውን በጭንቀት ፈልገው በደስታ ያገኙት ድንግል ማርያምና ቅዱስ ዮሴፍ ስለ ልጆቻችን ሁሉ፣ በተለይም በየበረሃውና በየባሕሩ ስላሉት ይማልዱ። እግዚአብሔር አምላካችን ቤቶቻችንን እንደ ናዝሬት ቤት፣ ማኅበሮቻችንንም ማንም የማይጠፋባቸው ያድርግልን። አሜን።